የአደራው ጊታር

ይህን ጽሑፍ ከሁለት ሳምንት በፊት መጻፍ ነበረብኝ። ያዘገየሁት ፈርቼ ነው። ከእናንተ መካከል አንዱ፣ አሁን ሜሪላንድ ሆኖ ይህን በስልኩ የሚያነበው፣ የዛሬ ስድስት ዓመት ወደ ቦሌ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ማታ ላይ ጥቁር ጊታሩን ከነቦርሳው ይዞ ቤቴ መጣ። «እንዳትሸጠው፣ ለማንም እንዳታውሰው፣ አደራ» አለኝ። አልሸጥኩትም። አላዋስኩትምም። ፈታሁት። ስፈታው ደግሞ አበላሸሁት።

ኑዛዜው ይኸው ነው። የቀረው ምን እንዳበላሸሁ ለማስረዳት ነው። ረጅም ነው፣ ቡና አፍሉ።

ነገሩ የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ለአሥረኛ ክፍል ልጆች የፋራዳይን ሕግ እያስተማርኩ ነበር። የቀድሞ ተማሪዎቼ ታስታውሱታላችሁ፤ ማግኔት፣ ጥቅል ሽቦ፣ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ቀስት፣ ሁሉም በጠመኔ። ዘንድሮ አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ግን ይሄ ነገር ምን ይሠራል?» አለችኝ። ጄኔሬተር፣ ትራንስፎርመር አልኳት። «እሺ» አለች። የዚያችን «እሺ» ትርጉም አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

በማግስቱ ጊታሩን ይዤ ገባሁ። ከሚኒ ሚዲያ ክለቡ ሞንታርቦ ለመንኩና ሰካሁት። አንዴ ብቻ ክሮቹን ሳብ ሳደርጋቸው ኋላ ወንበር ላይ የሚተኛው ልጅ ሳይቀር ቀና አለ። ከዚያ ክሮቹ ሥር ያለችውን፣ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የምትበልጥ ባለብረት ክዳን ነገር አሳየኋቸው። ስሟ ፒክአፕ ነው። (መኪናውን አይደለም። ክፍሉም ስቆበታል።) ውስጧ ማግኔት አለ፤ ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ደግሞ በሺዎች ዙር ተጠምጥሞባታል። የጊታሩ ክር ብረት ስለሆነ ማግኔቱ ክሩንም ማግኔት ያደርገዋል። ክሩ ሲንቀጠቀጥ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት መስክ ይለዋወጣል፤ መስኩ ሲለዋወጥ ሽቦው ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ያው ፋራዳይ ነው። ያ ትንሽ ቮልቴጅ በአምፕሊፋየር አድጎ ድምፅ ይሆናል።

አንዱ «ቲቸር፣ ክራር ላይ ቢገጠምስ?» አለ። ጎበዝ! ክሩ ብረት ከሆነ ይሠራል። ናይለን ወይም ጅማት ከሆነ ግን ፒክአፗ ደንቆሮ ናት፤ ማግኔት የሚይዘው ነገር የላትም።

ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ ግን አሁንም አልለቀቀችኝም። ጠጋ ብላ አየችና «ብሎኖቹ ለምን አንድ ዳር ላይ ብቻ ተደረደሩ? ሌላው ግማሽ ባዶ ነው?» አለች። ባዶ አይደለም፣ ውስጧ ሁለት ጥቅሎች ጎን ለጎን አሉ፣ የሁለተኛው ብረቶች ክዳኑ ሥር ተደብቀዋል አልኳት። «እስኪ ይታየን» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። እኔም ሞኝ ካቻቢቴ አነሳሁ።

ክዳኑ በስታኞ የተያዘ ነበር። በጉልበት ፈለቀቅኩት። አንድ ቀጭን ነገር ብልጭ ብሎ ታየኝና ጠፋ። ስታፍ ገብቼ በቴስተር ስለካው አንዱ ጥቅል 4 ሺህ ኦም ገደማ አሳየኝ፣ ሌላው ምንም። ተበጥሷል። ሞቷል። ጫፉን ፈልጌ ለመቀጠል ሞከርኩ፤ መበጠሱ ከውስጥ ሆነና አልተገኘም። የሞተውን ዘልዬ በደህናው ጥቅል ብቻ እንዲሠራ አገናኘሁትና በማግስቱ ክፍል ገብቼ ሰካሁት።

እምምምምምም።

ማንም ክሩን አልነካም። ፍሎረሰንቱ በርቷል፣ ጊታሩ ብቻውን ያጉረመርማል። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ፣ የአምፖሉ ባላስት፣ ትራንስፎርመሩ ሁሉ በዙሪያቸው የሚለዋወጥ መስክ ይረጫሉ። ጥቅል ሽቦ ደግሞ የክሩን መስክ ከመብራት ኃይል መስክ አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። (አሜሪካ 60 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፤ የእነሱ ጉርምርምታ ከእኛ ትንሽ ቀጠን ይላል ማለት ነው።)

ያን ጊዜ ነው ያበላሸሁት ዕቃ ለምን እንደተፈጠረ በጆሮዬ የገባኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ፤ ሳነብ ሌሊት ሆነ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ማግኔትና ሽቦ የመጣው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ጆርጅ ቦሻም የሚባል ሰው የሠራው፣ ሪከንባከር የሸጠው፣ ቅርጹ መጥበሻ ስለሚመስል «መጥበሻው» የተባለ ጊታር ነበር። ከዚያ ወዲህ ለ20 ዓመት ያህል ሰው የለመደው አንድ ጥቅል ያለው ፒክአፕ ነው። ድምፁ ግሩም ነው፤ ግን ያጉረመርማል። ሙዚቀኛው መብራት በበዛበት መድረክ ላይ ከጉርምርምታው ለመሸሽ ወዲያ ወዲህ ፊቱን ያዞር ነበር።

ሚሺጋን ውስጥ ካላማዙ በምትባል ከተማ የጊብሰን ጊታር ፋብሪካ ነበር። እዚያ ሴት ላቨር የሚባል መሐንዲስ ይሠራል። ራዲዮ በመጠገን የጀመረ፣ በባሕር ኃይል ኤሌክትሮኒክስ ያካበተ፣ የዚያው ከተማ ልጅ ነው። ጠጋኝ መሆኑ ደስ ይለኛል። አምፕሊፋየር ውስጥ ጉርምርምታን የሚያጣፋ ጥቅል ሲሠራ፣ ይህ ዘዴ እዚህ ከሠራ ፒክአፕ ላይ ለምን አይሠራም ብሎ አሰበ። ሐሳቡ በራሱ አዲስ አልነበረም፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሞካከሩት አሉ። እሱ ግን ወደ ዕቃ ቀየረው። ሰኔ 1955 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ።

ዘዴው እንዲህ ነው። እኔ ባለ ዲፕሎማ ነኝ፤ ዲግሪ ያላችሁ ባልደረቦቼ ከተሳሳትኩ ኮመንት ላይ አርሙኝ። ሁለት ጥቅሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ከሥራቸው አንድ ማግኔት ይጋደማል። በአንዱ ጥቅል በኩል ወደ ክሩ የሚያየው ሰሜን ዋልታ ነው፣ በሌላው በኩል ደቡብ። የሁለቱ ሽቦ ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ ይያያዛል። የመብራቱ ጉርምርምታ ከሩቅ ስለሚመጣ ሁለቱን እኩል ያገኛቸዋል፤ አያያዛቸው ተቃራኒ ስለሆነ አንዱ ሲደመር፣ አንዱ ሲቀነስ ይሆንና ይጣፋሉ። የክሩ ድምፅ ግን ሁለት ጊዜ ነው የሚገለበጠው፤ አንዴ በማግኔቱ፣ አንዴ በሽቦው። ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ። ስለዚህ አይጣፋም፣ ይደመራል። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ያቺ ልጅ «አሃ!» ስትል ሰማኋት። ለእሷ «አሃ» ነው ጊታሩ የተሠዋው እንግዲህ።

ስሙንም ከዚያው አወጡለት፤ ሀምባከር፣ ጉርምርምታን ገጥሞ የሚጥል እንደ ማለት። እነዚያ ስድስት ብሎኖች ደግሞ የሽያጭ ሰዎች ጥያቄ ናቸው። ላቨር በመጀመሪያ ብሎን አላደረገበትም ነበር፤ ሻጮቹ ግን ለደንበኛ የሚያሳዩት፣ የሚያወሩለት ነገር ፈለጉ። ልጅቷ የጠየቀችኝ ብሎን፣ ጊታሩን ያስፈታኝ ብሎን፣ ለወሬ የተጨመረ ነው!

ፒክአፑ በ1957 በሌስ ፖል ጊታሮች ላይ ተገጠመ። ፓተንቱ ገና ስላልተፈቀደ ከሥሩ ትንሽ ጥቁር ተለጣፊ ለጠፉበት፤ በወርቃማ ፊደል «የፓተንት ማመልከቻ ቀርቧል» የሚል። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ጊታር ወዳድ በእንግሊዝኛው የፊደላት ምኅጻር «ፒ ኤ ኤፍ» ብሎ የሚጠራቸው እነዚያን ነው። ፓተንቱ በ1959 ቢፈቀድም ተለጣፊው እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ቀጥሏል። ከዚያ የፓተንት ቁጥር ያለበት መጣ፤ የሚገርመው ቁጥሩ የፒክአፑ አልነበረም፣ ሌስ ፖል ለክር መያዣ ያወጣው የሌላ ፓተንት ቁጥር ነው። አንዳንዱ ተፎካካሪን ለማሳሳት ነው ይላል። በነገራችን ላይ ሬይ በትስ የሚባል ሌላ ሰውም በዚያው ሰሞን ለግሬች ጊታሮች ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር፤ የሁለቱም ፓተንት የጸደቀው በዚያው በ1959 በጋ ነው።

አሁን የኔን ልብ ወደ ያዘው ነገር ልምጣ።

እነዚያ ፒክአፖች አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም። በእያንዳንዱ ጥቅል 5 ሺህ ዙር ገደማ ነው የታሰበው፤ ግን ብዙ ጊዜ ጠምጣሚዋ የምታቆመው ፕላስቲኩ የሞላ ሲመስላት ነው። ስለዚህ አንዱ 7 ሺህ ተኩል ኦም፣ ሌላው 9 ሺህ ይለካል። ማግኔቱም በመጋዘን ውስጥ የተገኘው ዓይነት ነው፣ አንዴ ጠንካራ፣ አንዴ ደካማ። በ1959 አካባቢ ጥቁሩ ፕላስቲክ አልቆ በክሬም ቀለም ሠሩ፤ ክዳን ይሸፍነዋል፣ ማን ያየዋል ብለው። በአንዱ ፒክአፕ ውስጥ እንኳ ሁለቱ ጥቅሎች እኩል ዙር የላቸውም። እኩል ካልሆኑ ጉርምርምታው ፈጽሞ አይጠፋም፤ ትንሽ ይቀራል። በዚያው ልክ ቀጭኑ ድምፅም አብሮ አይታፈንም። ሰዎች «ይናገራል፣ ይተነፍሳል» የሚሉት ያንን ነው። መሐንዲሱ ጸጥታ ነበር የፈለገው። የተወደደው ግን ያልተሳካለት ትርፍራፊ ነው።

ያኔ ደግሞ ማንም አልጮኸላቸውም። ጊታሩ በደንብ ስላልተሸጠ ጊብሰን በ1960 መጨረሻ ላይ ያንን ቅርጽ ተወው። ነገሩ የተገለበጠው እንግሊዝ አገር ነው። ኤሪክ ክላፕተን ያገለገለ ሌስ ፖል ማርሻል አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ እስከ ጥግ ከፈተው፤ ከጆን ሜያል ጋር የሠራው የ1966 አልበም ላይ ይሰማል። አምፕሊፋየር እንዲያ ሲከፈት በባለ አንድ ጥቅል ጉርምርምታውም አብሮ ያድጋል፤ በሀምባከር ግን ድምፁ ወፍሮ፣ ረዝሞ፣ እንደ ዋሽንት ይንሳፈፋል። ፒተር ግሪን ያለውን ደግሞ ስሙት፤ በእሱ ጊታር ላይ የአንዱ ፒክአፕ ማግኔት ተገልብጦ ነበር። ሁለቱን ፒክአፖች አብሮ ሲከፍታቸው መደመር የነበረበት በከፊል ይጣፋል፣ ድምፁ በአፍንጫ እንደሚያለቅስ ሰው ይሆናል። የተገለበጠ ማግኔት! እኔ ፈተና ላይ ማርክ የምቀንስበት ነገር።

ዛሬ አንድ እውነተኛ ጥንድ ፒ ኤ ኤፍ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። ክሬም ፕላስቲክ ያለው ይበልጥ ይወደዳል፤ እዚህ ላይ ግን ይቅርታ፣ ሽቦው የፕላስቲኩን ቀለም አያውቅም። ላቨር ራሱ በ1967 ወደ ፌንደር ሄደ፣ እዚያም ሌላ ሀምባከር ሠራ፣ በ1997 አረፈ።

ያንተ ጊታር፣ ወንድሜ፣ ካላማዙን አያውቃትም። የቻይና ኮፒ ነው፣ አንተም ታውቃለህ። ፒክአፑ ግን የዚያው የላቨር የልጅ ልጅ ነው፤ ብሎኑ፣ ክዳኑ፣ ሁለቱ ጥቅሎች፣ ሁሉም። መቼም ስለ ዋጋው አይደለም አደራ ያልከኝ። በእሱ ላይ ነው እኔን «ጣትህ እንጨት ነው» እያልክ ሦስት ኮርድ ያስተማርከኝ።

ላስጠግነው ያልሞከርኩ እንዳይመስልህ። ዲናሞ የሚጠቀልል ሰው ጋ ወሰድኩት። በብርሃን አዙሮ አየውና «ይሄ ሽቦ ነው ፀጉር?» አለኝ፤ እሱ ጋ ያለው ቀጭኑ ሽቦ ከዚህ ገመድ ነው። ያቺ ተማሪ ናት መላ ያመጣችው። የተቃጠለ የድሮ ራዲዮ አዳፕተር ከቤቷ ይዛ መጣች፤ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ላይ ያለው የ220 ቮልት በኩል ሽቦ በጣም ቀጭን ነው። እሱን እየፈታን ወደ ባዶው ፕላስቲክ እንጠመጥማለን። ማሽናችን የእናቴ ሲንጀር ነው፤ የክር ማጠንጠኛው ላይ አስረነዋል። እናቴ «ጉድ እኮ ነው፣ ሲንጀሬን ክራር አደረጋችሁት» ትላለች። ሽቦው በየመቶው ዙር ይበጠሳል፣ በስታኞ እንቀጥላለን። ቆጠራውን ልጅቷ በሒሳብ ደብተሯ ጀርባ ትይዛለች። ዛሬ ቅዳሜ ስናቆም 1,940 ላይ ነበርን።

5 ሺህ ላንደርስ እንችላለን፣ የሽቦው ነገር አይታወቅም። 4 ሺህ ላይ ቢያልቅብን ትንሽ ጉርምርምታ ይቀርበታል። ካልፈለግከው አዲስ ፒክአፕ ከዚያ በሰው ላክ፣ እገጥመዋለሁ፤ ብሩን እኔ እችላለሁ። አትንኩት ካልክም ዛሬውኑ እናቆማለን። ዋይፋይ ስታገኝ ደውልልኝ፣ ብትሰድበኝም።

የተበላሸው የአንገቱ በኩል ያለው ብቻ ነው። የድልድዩ በኩል ደህና ነው፣ አልነካሁትም፣ አልነካውምም። ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ታች ስታደርገው ልክ እንደተውከው ነው።