850 ከየት መጣ?

ዛሬ ስለ መቶኛ ላስተምር ገብቼ ስለ ግብር አስተምሬ ወጣሁ። ምስጋናው ለአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። የከተማችን የቆሰበር ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ታውቁታላችሁ፣ ጥያቄዋን ሁለቴ ነው ያስደገምኳት።

«ቲቸር፣ አክስቴ ደመወዝ ሲጨመር ግብሩ ስለሚበላው ባይጨመርልን ይሻላል ትላለች። እውነት ነው?»

ይህን የምትለው አክስቷ ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር። በየቢሮው፣ በየሻይ ቤቱ፣ እኛው መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳይቀር የሚባል ነገር ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ጠመኔ አነሳሁ።

የአክስትሽ ደመወዝ 10,000 ብር ነው እንበል፣ እርከኑ 25 በመቶ። 100 ብር ቢጨመርላት 30 በመቶ ውስጥ ትገባለች። ክፍሉ ከአፌ ነጥቆ አሰላው። 2,500 የነበረው ግብር 3,030 ሆነ። 100 ብር አግኝታ 530 ብር ተጨማሪ ግብር ልትከፍል! አክስትየው ልክ ናት ተባለ፣ ተጨበጨበላት።

ከዚያ ሠንጠረዡን ጻፍኩላቸው፣ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የሚሠራበትን። የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ 35። መቶኛው የሚያርፈው በየእርከኑ ውስጥ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው። በአክስትየው 10,000 ላይ 300 ሲደመር 600 ሲደመር 750፣ ጠቅላላ 1,650። ደመወዟ 10,100 ሲሆን ግብሩ 1,680። ከተጨመረላት መቶ ብር 30ው ለግብር፣ 7ቱ ለጡረታ ይሄዳል፣ 63 ብር ይዛ ቤቷ ትገባለች። ልጅቷ ደብተሯ ላይ 63ን ሁለት ጊዜ ስታሰምርበት አየኋት። ማታ አክስት ምን ይውጣት ይሆን!

ሒሳብ ሹሞች ግን ይህን ሁሉ አይደረድሩም። 10,000ን በ25 በመቶ አባዝተው 850 ይቀንሳሉ፣ ያው 1,650 ይመጣል። «850 ከየት መጣ?» አልኳቸው። ስንቱ ደመወዝተኛ እንዲህ ያለ ቁጥር ዕድሜ ልኩን ሲቀነስ እያየ ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። ከኋላ የተቀመጠ፣ ብዙም የማይናገር ልጅ ቆይቶ እጁን አወጣ። ሁሉንም በ25 ስናባዛ የመጀመሪያው 2,000 ላይ 500 ብር ያለ አግባብ ጨምረናል። የሚቀጥለው 2,000 ላይ 200፣ ከዚያ 3,000ው ላይ 150። ድምሩ 850! አጠገቡ ያለው ሲያፈጥበት በአውንጊ ደግሞ አስረዳው። ትምህርት ቤት መከፈቱ ራሱ ጸጋ በሆነበት በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ማየት ምን እንደሚያደርግ አስተማሪ የሆናችሁ ታውቃላችሁ።

ደስታዬ ወደ ንዴት የተለወጠው ወደ ቤት ስመለስ ነው። የእኛን ዘመን ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አስታወሰኛ! 11ዱን እሴቶች የረሳ አለ? ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት... እያልን እንደ ውዳሴ ማርያም እናነበንበው ነበር። ከክፍል ክፍል ከፍ ስንል እነዚያው 11 ይከተሉናል። ዘጠነኛው ቁጠባ ነበር። ቁጠባ ምንድን ነው፣ የቁጠባ ጥቅም ምንድን ነው፣ አራቱን ዘርዝሩ። ዘረዘርን። እኔ በተማርኩበት ክፍል አንድም ቀን ቁጥር ተጽፎበት አላየሁም።

ቁጥሩማ ይኸው። ባንክ 7 በመቶ ወለድ ቢያስብልህ 1,000 ብርህ በዓመቱ 1,070 ይሆናል። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፣ ስለዚህ በ1,000 ብር ትገዛው የነበረው ዕቃ 1,300 ገብቷል። አትቆጥቡ ማለቴ አይደለም፣ እኔም እቆጥባለሁ። ነገር ግን ይህን ያሰላ ልጅ ቀጥሎ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ዋጋን የሚያንረው ምንድን ነው? ወለዱን የሚወስነው ማነው? ዜግነት የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው፤ እኛ ግን ያንን ጥያቄ የሚወልደውን ስሌት ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ቃሉን ለሥነ ዜጋ አካፍለን ሁለቱ እንዳይገናኙ አደረግናቸው።

ውጤቱን ለማየት የመጋቢት 2016ቱን ሌሊት አስቡት። ንግድ ባንክ ሲስተሙ ተበላሽቶ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ የወጣበትን። በየዩኒቨርሲቲው በኤቲኤም ደጅ የተሰለፉት ልጆች «ኃላፊነት» የሚለውን ምዕራፍ በቃል የሚያውቁ ነበሩ። ብሩ አብዛኛው ተመልሷል፣ ልጆቹንም ዛሬ መውቀስ አልፈልግም። የሚቆጨኝ ግን ይህ ነው፦ ኔጌቲቭ ቁጥርን ስናስተምራቸው በቁጥር መስመር ላይ ወደ ግራ አዘለልናቸው እንጂ፣ ከሌለህ ላይ ስታወጣ ከዜሮ በታች ወርደህ የሰው ዕዳ እንደምትሸከም አላሳየናቸውም።

ስለ ግብር ካነሳሁ አይቀር የደረሰኝን ነገርም ላንሳ። በቅርቡ ቆርቆሮ ልገዛ ሄጄ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ተባልኩ። የሱቁን ስም አልጠራም፣ ጥያቄውን ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ የለም። በደረሰኝ 1,150፣ ያለ ደረሰኝ 1,000። ያቺ 150 ብር ቅናሽ ትመስላለች፤ የሻጩ ግን አይደለችም፣ ቫት ናት፣ የትምህርት ቤታችን ጠመኔ መግዣ። ይህንንም ለክፍሉ ሰጥቼ ነበር። 1,150 ውስጥ ቫቱ ስንት ነው ብላቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም 172.50 አሉኝ። 15 በመቶው የሚሰላው በ1,000ው ላይ መሆኑን እስኪያዩ ድረስ ተከራከርን፣ ደወል ተደውሎ ማንም አልተነሳም።

ቀጣዩ ትምህርት ስፋት ነው። የመጽሐፉን አራት ማዕዘን ትተን የዲከረንስ ዛፍ ልናስቆጥር ነው። እዚህ አካባቢ ገበሬው የቆመ ዛፉን ለከሰል ነጋዴ በዓይን ግምት እንደሚሸጥ አልነግራችሁም። አንድ ቃዳ 2,500 ካሬ ሜትር ነው፤ አሥር በአሥር ሜትር ቢከፈል 25 ቦታ ይወጣዋል። ልጆቹ ሦስት አራቱን ቦታ ቆጥረው አማካዩን በ25 ቢያባዙ፣ አባታቸው ለነጋዴው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ቁጥር በእጁ ይይዛል። አንድ ወላጅ ማሳቸውን ፈቅደውልናል። 50 ሜትር የሚሆን የመለኪያ ሜትር ያላችሁ ቆሰበሮች በውስጥ ጻፉልኝ፣ የትምህርት ቤቱ ተበጥሷል።