ከመስመሩ 60 ሜትር ርቆ ያለው ቤት

እህቴ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖርበት ቤት ከከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ የኤሌክትሪክ መስመር 60 ሜትር ያህል ይርቃል። ቤቱ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ በሚለው ጉዳይ ቤተሰባችን ለሁለት ከተከፈለ ወራት አልፈዋል። እናታችን "ልጆቹ ካንሰር ሲይዛቸው ከማይ፣ ኪራይ ቤት ግቡ" ባይ ናት። የእህቴ ባለቤት ደግሞ "ይሄ ሁሉ ወሬ ነው፤ ስንቱ ሰው ነው መስመር አጠገብ የሚኖረው" ይላል። በዚህ መሃል አንድ ደላላ ገዢ ይዞ መጣ። ሰውየው ቤቱን ወዶታል። ዋጋ ላይ ሲደርሱ ግን ጣቱን ወደ ሽቦው ቀስሮ "ጨረሩ አለ እኮ" አለና ከተጠየቀው ላይ ሩቡን ቆርጦ አቀረበ። ነገሩ የጤና ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ጉዳይ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አንዱ በፈራ ቁጥር ሌላው ያተርፍበታል።

"አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? ለምን አታጣራም?" አለችኝ እህቴ። ፊዚክስን የተሰናበትኩት 10ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ዲግሪዬም በጋዜጠኝነት ነው። ሆኖም ማንበብና መጠየቅ እንጀራዬ ስለሆነ ጥቂት ሳምንታት ሰጠሁት። ከእናንተም ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር አጠገብ የምትኖሩ ብዙ እንደምትሆኑ ስለማስብ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ "ጨረር" የምንለውን ቃል እናስተካክል። ትክክለኛው ቃል "መስክ" ነው። መስክ ሲባል ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ይታየናል። የፊዚክሱም ትርጉም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አንድ ነገር ሳይነካ ኃይሉን የሚያሳርፍበት አካባቢ ማለት ነው። ደረቅ ፀጉር ያበጠርንበት ማበጠሪያ ብጣሽ ወረቀት ከሩቅ ሲስብ በመሃላቸው ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ነው። ማግኔት ሚስማር ሲጎትት ደግሞ የማግኔት መስክ ነው።

ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ ሁለቱንም መስኮች በዙሪያው ይይዛል። የሚለያዩበትን ለመረዳት የቧንቧ ውኃን አስቡ። ቧንቧው ተዘግቶም ውስጡ ግፊት አለ፤ ሲከፈት ደግሞ ፍሰት ይኖራል። የኤሌክትሪክ መስክ የሚመጣው ከግፊቱ፣ ማለትም ከቮልቴጁ ነው። ፍሰት ባይኖርም እንኳ ገመዱ ሶኬት ላይ እስከተሰካ ድረስ መስኩ አለ። የማግኔት መስክ ግን የሚፈጠረው ኤሌክትሪኩ ሲፈስ ብቻ ነው፤ ፍሰቱ በጨመረ ቁጥርም ይጨምራል። ይህን ግንኙነት ዴንማርካዊው ኧርስትድ እ.ኤ.አ. በ1820 አሳይቷል፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ አጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ ከቦታው አንቀሳቀሰው። መስክ የሚባለውን ሐሳብ ያመጣልን ደግሞ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ ነው። የአንጥረኛ ልጅ ነበር፤ በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ ሙያ ተምሯል፤ ሒሳብ ላይ እምብዛም ነበር። ማግኔት ላይ ባስቀመጠው ወረቀት የብረት ብናኝ እየነሰነሰ፣ ባዶ የሚመስለው ቦታ ባዶ እንዳልሆነ በዓይን አሳየ።

አሁን ወደ እህቴ መስመር እንመለስ። መስመሩ 230 ሺህ ቮልት ይሸከማል፤ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው። ስለዚህ ከመስመሩ ሥር ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ብርቱ መሆኑ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሪቻርድ ቦክስ የተባለ እንግሊዛዊ አርቲስት 1,301 የፍሎረሰንት አምፖሎችን በከፍተኛ ኃይል መስመር ሥር መሬት ላይ ተከለ። አንዳቸውም ከሽቦ ጋር አልተገናኙም፤ ሲመሽ ግን በሩ። ያበራቸው በአየሩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ነው። ይህን የሰማ ሰው "ታዲያ አናታችን ላይ ይህ ካለ አለቀልን" ሊል ይችላል። የኤሌክትሪክ መስክ ግን በቀላሉ ይጋረዳል። ግድግዳ፣ ዛፍ፣ ከመሬት ጋር የተገናኘ የቆርቆሮ ጣሪያ ያዳክመዋል። ቤት ውስጥ የገባ ሰው ጋ የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው።

የማግኔት መስክ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ግድግዳም ጣሪያም አያግደውም። የሚያሸንፈው ርቀት ነው። በመስመሩ ላይ ያሉት ሽቦዎች ሦስት ሆነው ተራ በተራ ስለሚሠሩ፣ ራቅ ስንል የአንዱ መስክ የሌላውን ያጠፋዋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአካባቢ ጤና ሳይንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመው መጽሔት ላይ የ230 ሺህ ቮልት መስመሮች አማካይ ልኬት አለ። ከሽቦው ሥር 6 ማይክሮቴስላ ገደማ፣ 30 ሜትር ላይ 0.7፣ 61 ሜትር ላይ 0.2 ገደማ ነው። ለሕዝብ ደኅንነት የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ የሚያስቀምጠው ጣሪያ ደግሞ 200 ማይክሮቴስላ ነው። ፀጉር ማድረቂያ ጆሮ ሥር ሲያዝ ከመስመሩ ሥር ካለው የሚበልጥ መስክ ሊፈጥር ይችላል፤ አንድ ሜትር ሲርቅ ግን ምንም ያህል አይቀርም።

"ጨረር" የሚለው ቃል የሚያሳስተንም እዚህ ላይ ነው። የራጅ ጨረር ጉልበቱ በሰውነታችን ውስጥ ያለውን ሞለኪውል ይሰብራል። የመስመሩ መስክ ግን በሰከንድ 50 ጊዜ ብቻ ነው የሚመላለሰው። የዚህ ሞገድ ርዝመት ሲሰላ 6,000 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ከአዲስ አበባ ለንደን ካለው የአየር ርቀት ጋር ይቀራረባል። እንዲህ ያለ መስክ እዚያው ሽቦው ዙሪያ ይቀራል እንጂ እንደ ራጅ ተወርውሮ አይመጣም፤ ሞለኪውል የሚሰብር ጉልበትም የለውም።

ታዲያ የካንሰሩ ወሬ ከየት መጣ? ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም፤ እናቴንም "ዝም በይ" የማልላት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ሁለት ተመራማሪዎች በመስመር አቅራቢያና በሕፃናት የደም ካንሰር መካከል ግንኙነት አየን አሉ። ከዚያ ወዲህ የተካሄዱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ በአማካይ ከ0.3 ወይም ከ0.4 ማይክሮቴስላ በላይ በሆነ መስክ ውስጥ የሚኖሩ ሕፃናት ላይ በሽታው እጥፍ ያህል የመታየት አዝማሚያ አለው። በሽታው ራሱ ብርቅ ነው፤ በዚህ መጠን ውስጥ የሚኖሩትም ጥቂት ናቸው። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ይህን አልደገፉም፤ መስኩ በሽታውን እንዴት እንደሚያመጣ ያስረዳም የለም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 መስኩን "ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል" ከሚለው መደብ መደበው። በዚያው መደብ ውስጥ እስከ 2016 ድረስ ማን ነበር መሰላችሁ? ቡናችን። ከ1991 ጀምሮ ከፊኛ ካንሰር ጋር ተያይዞ እዚያ ተቀምጦ፣ ማስረጃው እንደገና ተፈትሾ ወጣ። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። "ይችል ይሆናል" እና "ያመጣል" ሁለት የተለያዩ አረፍተ ነገሮች እንደሆኑ ለማስታወስ ነው። ገዢው ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የቤቱን ሩብ ሊወስድ የነበረው።

መፈራት ያለበትን ደግሞ ብዙዎቻችን አንፈራውም። ከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦውን ሳንነካው አየሩን ሰንጥቆ ሊዘል ይችላል። ከመስመሩ ሥር ሁለተኛ ፎቅ የሚጨምር ሰው፣ ረጅም ፌሮ ተሸክሞ ጣሪያ ላይ የሚወጣ የቀን ሠራተኛ፣ ምሰሶ ላይ የሚንጠላጠል ልጅ፣ እነዚህ ከካንሰሩ ወሬ በፊት ሊያስደነግጡን ይገባል። ሽቦ ተበጥሶ መሬት ላይ ከወደቀ ደግሞ መሬቱ ራሱ ይነዝራል። በሁለት እግሮቻችን መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር በሰውነታችን የሚያልፈው ይበዛል። የፊትና የኋላ እግሩ የተራራቀ ከብት ቶሎ የሚወድቀው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ራሱን ያገኘ ሰው መሮጥ የለበትም፤ እግሮቹን አጠጋግቶ በትንንሹ እየተንሸራተተ ይራቅ። በእህቴ ሰፈር ስለ ጨረር ሲያወራ የማይውል የለም፤ ይህን የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አላገኘሁም።

እህቴ አልሸጠችም። ልጆቿ መስመሩ ሥር ኳስ መጫወትና ካይት ማብረር ተከልክለዋል። ባለቤቷ "ብያችሁ ነበር" ብሎ ነበር፤ እሱም ግን ሙሉ በሙሉ አላሸነፈም። ምክንያቱም ያቺ 0.2 የተለካችው አሜሪካ ነው እንጂ እህቴ ጓሮ አይደለም። የማግኔት መስክ ደግሞ ከፍሰቱ ጋር እንደሚያድግ አይተናል። ዛሬ ግማሽ ጭነት የሚሸከም መስመር ነገ ሙሉ ሲሸከም መስኩም እጥፍ ይሆናል። 0.2 እጥፍ ሲሆን 0.4 ነው፤ ጥያቄ የተነሳበት ቁጥር ላይ ይደርሳል።

ይህ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ተመርቋል፤ ኃይሉን ወደ መሃል አገር የሚያመጡት መስመሮች 500 ሺህ ቮልት የሚሸከሙ ናቸው። አገሩ ሁሉ መብራት ይፈልጋል፤ እኔም እፈልጋለሁ። መስመር ሲበዛ ግን መስመር አጠገብ የሚኖረውም ሰው ይበዛል። እኔ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ "ምንም ጉዳት የለውም" የሚል ብቻ ነው። ቁጥር የሰጠኝ የለም። እንዲህ ያለ መልስ ከሰፈሩ ወሬ የሚለየው በለበሰው ከረባት ብቻ ነው፤ አንዱ ሳይለካ ያስፈራል፣ ሌላው ሳይለካ ያረጋጋል።

የማግኔት መስክ መለኪያ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። በአንድ ሰፈር የሚያልፍ መስመር ላይ ከሥሩ ጀምሮ በ20፣ በ40፣ በ60 ሜትር እየለኩ፣ ጭነቱ ከፍ በሚልበት ምሽትም እየደገሙ ውጤቱን ወረዳው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ከባድ ሥራ አይደለም። ቁጥሩ ዝቅተኛ ከሆነ እናቶች ያርፋሉ፣ ገዢውም ሰበብ ያጣል። ከፍ ካለ ደግሞ ነዋሪው ካሳም ሆነ ምትክ ቦታ ሲጠይቅ በእጁ ማስረጃ ይኖረዋል።

እናንተ በምትኖሩበት አካባቢ እንዲህ ያለ ልኬት ተደርጎ ውጤቱን ያያችሁ ካላችሁ፣ ወይም መሣሪያው ኖሯችሁ ለመለካት ፈቃደኛ የሆናችሁ ባለሙያዎች ካላችሁ፣ ከታች ጻፉልኝ። ከእህቴ ጓሮ እንጀምራለን።