የሼብ ዉሊ ዘፈንና ጩኸት

ሼብ ዉሊ የተባለው ዘፋኝና ባለቴአትር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. ኦክላሆማ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ኤሪክ በምትባል ትንሽ ከተማ ከገበሬ ቤት ተወለደ። በልጅነቱ ፈረስ መጋለብንና ጊታር መምታትን ተማረ። ያወቀውንም ለብቻው አላስቀረውም፤ በዚያው አገር ጥጥ ይለቅም ለነበረው ለድኻው ብላቴና ለሮጀር ሚለር ጣቱን በክሩ ላይ እንዴት እንደሚያሳርፍ አሳየው፤ ቫዮሊንም ገዛለት። ይህ ብላቴና በኋላ ከመምህሩ ይልቅ በዘፈን ስሙ የገነነ ሰው ሆነ።

ሼብ ዉሊ ወደ ሆሊውድ ሄዶ የሲኒማ ተጫዋች በሆነ ጊዜ የሚሰጠው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የእረኛ ወይም የወንበዴ ነበረ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው «ሃይ ኑን» በተባለው ሥራ ከአራቱ ወንበዴዎች አንዱ ነው። ሊገድሉ ሲሄዱ በሱቅ መስኮት የሴት ባርኔጣ ያይና መስተዋቱን ሰብሮ ይወስዳል፤ የስባሪውም ድምፅ የከተማውን ሕግ አስከባሪ ስላስጠነቀቀው ከጓደኞቹ ቀድሞ የሚሞት እርሱ ይሆናል። ለሞት በሚሄድበት መንገድ እንኳ ቀልድ አልተለየውም።

በ1958 ዓ.ም. ከአንድ ወዳጁ ልጅ የመጣን ቀልድ ይዞ «ዘ ፐርፕል ፒፕል ኢተር» የተባለውን ዘፈን ደረሰ። አንድ ዓይንና አንድ ቀንድ ያለው ክንፋም አውሬ ከሰማይ ይወርዳል፤ ያየው ሰው ይበላኛል ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ አውሬው ግን ምግቡ ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የመጣበትም ጉዳይ ከሙዚቀኞች ጋራ ለመጫወት ነው። የአውሬው ድምፅ እንደዚያ የቀጠነው ሸክላው ሲዘጋጅ ፍጥነቱ ስለ ተጨመረ ነው። ዘፈኑ በአሜሪካ 6 ሳምንት ከሁሉ በላይ ሆኖ ቆየ። ጭምት ሰው ይህን ሰምቶ ራሱን ቢነቀንቅ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ማንም አልተሰደበበትም፤ ሽማግሌና ሕፃን ሳይተፋፈሩ አብረው ይስቁበታል። እንዲህ ያለ ሳቅ ቀላል ዕቃ አይደለም።

ዳሩ ግን አውሬው ፈጣሪውን ዋጠው። ከዚያ በኋላ ቢዘፍንም፣ ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ «ሮውሃይድ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ የከብት ነጂዎች መንገድ መሪ ሆኖ ቢታይም፣ ስሙ ሲነሣ የሚታወሰው ባለ አንድ ቀንዱ ነበረ። እርሱም ይህን የተረዳ ይመስላል፤ ቤን ኮልደር የሚባል የሰካራም ዘፋኝ ስም ለራሱ አውጥቶ በሌሎች ዘፈኖች መቀለድን ሥራው አደረገው። ስሙ በእንግሊዝኛ ሲሰማ «ከዚህ የባሰ ብርድም አይቻለሁ» የማለት ዐይነት ነው። በ1968 ዓ.ም. የገጠር ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ አስቂኝ ሰው ብሎ የሸለመው በዚሁ በተውሶ ስም ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሌላ ነው። በ1951 ዓ.ም. «ዲስታንት ድረምስ» ለተባለው ሲኒማ፣ በረግረግ ውስጥ አዞ የያዘው ወታደር ጩኸት በሸክላ ቤት ተዘጋጀ። የጉዳዩ መርማሪዎች አብዛኞቹ ጯኺው ሼብ ዉሊ ነው ይላሉ። በ1977 ዓ.ም. የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት ይህን ጩኸት ከመዝገብ አውጥቶ «ስታር ዋርስ» ውስጥ አገባው፤ ከዚያም ወዲህ በብዙ መቶ ሲኒማዎች ተሰማ። ስም ሲወጣለትም በዉሊ ስም አልተጠራም፤ በ1953 ዓ.ም. ሲኒማ ውስጥ ፍላጻ በወጋው በአንድ ወታደር ስም «ዊልሄልም» ተባለ እንጂ።

ሼብ ዉሊ በ2003 ዓ.ም. ናሽቪል ውስጥ በደም ካንሰር በ82 ዓመቱ ዐረፈ። ስለዚህ ጩኸት የተጠየቀችው ሚስቱ፣ ባሏ በሲኒማ መጮህና መሞት እንደ እኔ የሚችልበት የለም እያለ ይቀልድ እንደ ነበረ ተናገረች።