ደንገጎን በዜሮ ማርሽ? ኧረ ተው!

ሰሞኑን ከወደ ድሬዳዋ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጸሐፊው የ23 ዓመት ወጣት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቁብ ጥሎ ሞተር ሳይክል ገዝቷል፤ ገና አንድ ወሩ ነው። እጮኛው ሐረር ናት። «እሁድ እሁድ በሞተሬ ወጥቼ እጠይቃታለሁ፤ ሲመቸንም ከኋላዬ አስቀምጬ ድሬ አወርዳታለሁ ብዬ ነበር» ይላል። «እናቴ ግን ሞተሩን ካልሸጥክ እህል አልቀምስም ብላ ተቀምጣለች። እኔ የምነዳው በጥንቃቄ ነው፤ መንገዱም ቢሆን አስፋልት ነው። እባክህ ምከረኝ፤ እናቴንም ምከርልኝ።»

ወንድሜ፣ እናትህን ለመምከር አፍ የለኝም፤ እውነቷን ነዋ! ሽጠው ግን አልልህም። እኔም የሞተር ሰው ነኝ። 12ኛ ክፍልን እንደጨረስኩ እንጀራዬን የጀመርኩት ዕቃ በሞተር በማድረስ ነው፤ ያውም እዚያው አንተ ከተማ። የምትለውን መንገድ ከነኩርባው አውቀዋለሁ። እሱም ያውቀኛል፤ የክርኔ ቆዳ እዚያ ቀርቷል። (እመለስበታለሁ።)

መንገዱን ለማታውቁት አንባቢያን ላስተዋውቃችሁ። ድሬዳዋን የወለዳት ይኸው ዳገት ነው ብል አላጋነንኩም። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ሃዲዱን ተራራው ላይ ማውጣት ግን ከባድም ውድም ሆነና ባቡሩ ታች ሜዳው ላይ ቆመ። በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ የቆመበት ቦታ ነው ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው። እንግዲህ ባቡር እንኳ አልወጣውም ያለውን ዳገት ነው ይህ ወዳጃችን በአንድ ወር ሞተረኝነቱ «መንገዱ አስፋልት ነው» የሚለን!

ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረማያ ደግሞ 2000 ሜትር አካባቢ ናቸው። ያ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው ከመንገዱ ግማሽ በማይሞላው ላይ ነው። ከዚያ ደንገጎ ላይ ብቅ ስትሉ አገሩ ይቀየራል። ታች ላብ ያጠመቃችሁ ሰዎች እዚያ ስትደርሱ ጥርሳችሁ ይንቀጫቀጫል፤ አንዳንድ ጠዋት ጉሙ ከፊት ያለውን መኪና ይውጠዋል። ከደንገጎ በኋላ አዴሌ፣ ቀጥሎ ሐረማያ። ሐይቁ ደርቆ ከብት ሲግጥበት የነበረው ሐረማያ በእነዚህ ዓመታት ውሃ መልሶ መያዙን ማየት ብቻ ለዓይን ምሳ ነው። ከዚያ የጫቱ ከተማ አወዳይ፣ ከዚያ ሐረር። እውነት ለመናገር በሞተር እንደዚህ ደስ የሚል መንገድ ብዙ አልነዳሁም። ለዚህም ነው ሽጠው ያላልኩህ።

የመጀመሪያው ወጥመድ ሙቀቱ ነው። ድሬ ላይ ጃኬትና ሄልሜት አድርጎ መውጣት ምድጃ ውስጥ እንደመግባት ነው። ስለዚህ ጎረምሳው በካናቴራ፣ በነጠላ ጫማ፣ ሲብስም በሽርጥ ይወጣል። አቦ፣ ሽርጥ እኮ ካቴና ውስጥ ሲገባ ሰውየውን ይዞት ነው የሚገባው! ሄልሜቱንም ክንዱ ላይ እንደ ዘንቢል ያንጠለጥለዋል። ትራፊክ ሲያይ ያጠልቃል፣ ሲያልፍ ያወልቃል። ሄልሜቱን ለትራፊኩ የገዛለት ይመስል!

ሁለተኛው ወጥመድ ጫት ጫኙ ነው። ጫት ከተቀነጠሰ ሰዓት ይቆጥራል፤ ጠውልጎ ከደረሰ ዋጋው ወደቀ። ስለዚህ ከአወዳይ የተነሳ ሾፌር ለቀጠሮ የሚበር እንጂ የሚነዳ አይመስልም። አይሱዙን ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም። ኩርባ ላይ ደርቦ ሲመጣ አንተን ከቁጥር አያስገባህም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ወደ ግራ በሚታጠፍ ኩርባ ላይ ሞተርህን ስታጋድል ጎማህ በራስህ መስመር ውስጥ ሆኖ ጭንቅላትህ ግን ከመሃሉ መስመር አልፎ ይወጣል። ጭንቅላትህን ለአይሱዙው አቀበልከው ማለት ነው። ስለዚህ ግራ ኩርባ ላይ ከመሃሉ መስመር ራቅ በል፤ ግን ጠጠር እስከተከመረበት ዳር ድረስ አትሂድ። ክላክስህን ንፋ፤ መብራትህን ቀንም አብራ።

መውጣቱ ግን ቀላል ነው። ዳገት ሞተሩን ራሱ ይይዘዋል፤ ብትሳሳትም ቀስ ብለህ ነው የምትሳሳተው። ሰው የሚጨርሰው መውረዱ ነው።

እነሆ የገባሁላችሁን ልንገራችሁ። ግንቦት 2013 ዓ.ም፣ እሁድ ከሰዓት ነው። ከአብሮ አደጌ ጋር ሐረር ውለን ወደ ድሬ እየወረድን ነበር። ሄልሜት አንድ ብቻ ነው የነበረን። «አንተ ነጂው ነህ፣ አንተ አድርግ» አለኝ። አደረግኩት። ደንገጎን እንዳለፍን እንደ ልማዴ ማርሹን ዜሮ አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ለምን ቤንዚን እፈጃለሁ፣ ቁልቁለቱ በነጻ ይወስደን የለ? የዚያን ጊዜ ሁላችንም እንዲህ ነበር የምንወርደው። የእግር ፍሬኑን እየረገጥኩ፣ እየተጫወትን፣ እየሳቅን…

ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ ባዶ ሆነ። ብረገጥ የለም። ያለማቋረጥ ስረግጠው የኋላው ፍሬን ግሎ መያዝ አቅቶት ነበር። ከፊት ኩርባ መጣ። ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ሙሉ በሙሉ ጨበጥኩት፤ ያውም ሞተሩ አጋድሎ፣ ያውም ጠጠር ላይ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማዩን ነው።

እኔ ክርኔና ጉልበቴ ተላጠ። ሄልሜቴ ጎኑ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። አብሮ አደጌ ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ጋር በጭንቅላቱ ተገናኘ። የቆመልን መኪና ላይ አንዱ እጁን አንዱ እግሩን ይዘን አነሳነው። (እንዲህ አይደረግም። አንገትና ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ብዙ ሰው ሆኖ እኩል ነው የሚነሳው። ማን ነገረን?) 11 ቀን ሰው ሳያውቅ ተኛ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እናቱ ስትመጣ ሄልሜቴ እጄ ላይ ነበር። «የማነው?» አለችኝ እሱን እያየች። «የኔ» አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

አብሮ አደጌ ዳነ፤ ግራ ጆሮው ግን አይሰማም። ያንን እሁድ ጨርሶ አያስታውሰውም፤ የማስታውስለት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ «በጥንቃቄ እነዳለሁ» ስትለኝ እኔም እንደዚያው እል እንደነበር እወቅ። ጥንቃቄ የሚባለው ምን ምን እንደሆነ ግን የነገረኝ አልነበረም። በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን አንድ በአንድ መርምሮ ነበር። አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92 ከመቶው ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ሆነው ተገኙ። እኔን ያስተማረኝ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ያስተማረኝም በአንድ ከሰዓት ነው። አንተስ?

ቁልቁለት እንዲህ ነው የሚወረደው። ዳገቱን ስትወጣ በየትኛው ማርሽ ወጣህ? በሁለት ከሆነ በሁለት ውረድ፤ በሦስት ከሆነ በሦስት። ነዳጁን ስትለቅ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዝልሃል፤ ድምፁ ቢጮህም አትደንግጥ፣ አይጎዳም። ፍሬን ከኩርባው በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ያዝ፤ ኩርባው ውስጥ ገብተህ አይደለም። ይዘህ ልቀቅ፣ ይዘህ ልቀቅ፤ ፍሬኑም ይተንፍስ እንጂ። ዓይንህን ገደሉ ላይ አትትከል። ሞተር ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው፤ መውጫውን እይ። ኤሌክትሪክ ሞተር የገዛችሁ ደግሞ አብዛኞቹ ማርሽ እንደሌላቸው አትርሱ። ሞተሩ ይይዝልኛል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ከላይ ጀምራችሁ ቀስ በሉ።

የፊት ፍሬን «ይገለብጣል» ተብሎ ይወራበታል። እኔን የጣለኝ ፍሬኑ ሳይሆን አጠቃቀሜ ነው። ስታቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ሞተሩን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ በኋላው ብቻ የሚተማመን ሰው በግማሽ ፍሬን ነው የሚነዳው። ሎሚ እንደምትጨምቅ ቀስ እያልክ ጨምቀው እንጂ እንደ በር እጀታ አትጎትተው። ይህን ደንገጎ ላይ አትማረው! ባዶ ሜዳ ፈልግና ጠዋት ጠዋት በ20፣ ከዚያ በ30፣ ከዚያ በ40 እየነዳህ በድንገት ማቆምን ተለማመድ። በ60 ስትነዳ በአንዲት ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ትሄዳለህ። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዝክ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት አራት እጥፍ ነው። ግመሉ ይህን አያውቅልህም።

ግመል ካልኩ አይቀር፣ ማታ አትውጣ። ግመል ክላክስ ብትነፋለት ዞር ብሎ ያይሃል እንጂ አይለቅም፤ መብራትም የለው ፍሬቻም የለው። ጅቡም የሐረር ጅብ ነው፣ መንገዱ የአባቱ ነው። ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ቶሎ ልግባ ብለህ አትጨምር። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ከዘይቱና ከአቧራው ጋር ተቀላቅለው አስፋልቱን ሳሙና ያደርጉታል። ዳር ያዝ፣ ቡና ጠጣ።

አሁን ወደ ሄልሜቱ። «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» የሚለውን ፊልም ያያችሁ እንዴት እንደሚጀምር ትዝ ይላችኋል፤ በሞተር አደጋ ነው። እውነተኛው ሎውረንስ በግንቦት 1935 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ውስጥ ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ከሞተሩ ወደቀ። ያ ሁሉ ጦርነት ያልገደለው ሰው ሄልሜት ስላላደረገ ስድስት ቀን ተኝቶ በ46 ዓመቱ ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነበር። ነገሩ ከልቡ አልወጣ ብሎት የጦር ሠራዊት ሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት ሲያጠና ቆየና በ1941 አሳተመው፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹን በሙሉ ሄልሜት አስደረገ። ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስም የዓለም ጤና ድርጅት ሲጠቅስ ቆይቷል። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን ኮፍያ ነው። አንዴ ከባድ ምት የመታውን ደግሞ ጣለው፤ ውስጡ ሥራውን ጨርሷል። ርካሽ ነው ብለህ የወደቀ ሰው ሄልሜት አትግዛ።

ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው ግን ስለ ሄልሜት አንድም ቃል አላገኘሁበትም፤ ያውም «ከኋላዬ አስቀምጬ» እያልክ። እጮኛህን ለጥቂት ወራት በሚኒባስ ትምጣ። ሰው ሲጫን ሞተሩ ሌላ ሞተር ነው፤ ፍሬኑ ይረዝማል፣ ኩርባው ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ሲነሳ የፊት ጎማው ይቀላል። እሷ ፍሬን የላት፣ መሪ የላት፤ ያላት ያንተ ጭንቅላት ነው። ስትጭናት ደግሞ እንደ ወንበር ወደ ጎን አትቀመጥ፤ ድሪያዋንና ሻሿን ትሰብስብ፣ ስስ ጨርቅ ጎማ ውስጥ ለመግባት ሰከንድ አይፈጅበትም። ሁለተኛውን ሄልሜት ከቀለበቱ በፊት ግዛላት። ለራሷ ልክ የሆነውን፣ ራሷ ለክታ። እናትህንም ሄልሜቱን ስትገዛ ይዘሃት ሂድ፤ እህል የምትቀምሰው ያን ቀን ይመስለኛል።

ባለፈው ጥቅምት ከአብሮ አደጌ ጋር ሐረር ወጥተን ነበር። ሄልሜታችን ሁለት ነው። ፈጢራ በላን፣ ጀጎል ውስጥ ዞርን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሳን። እንዲሰማኝ ፊቴን ወደ ቀኝ አዙሬ ነው የማወራው። ደንገጎን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ገና ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሳንደርስ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ማርሽ!» አለኝ።

ቀነስኩ።