ያልተሞረደው ብየዳ

በ1975 ዓ.ም. በሌኒንግራድ፣ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በምትባለው ከተማ፣ የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ ሳለሁ ወደ መድፈኞች ሙዚየም የሄድኩት ጌጠኞቹን የነሐስ መድፎች ለማየት ነበር። በአንድ ጥግ ተሰቅሎ ያየሁት ንዑስ መትረየስ ግን የጀማሪ ቆርቆሮ ሠሪ ልምምድ መሰለኝ። ብየዳው እንደ ጠባሳ አፍጥጦ ይታያል፤ የእንጨት ሰደፍ በሚገባው ቦታ ወደ ላይ ታጥፎ በጀርባው የሚተኛ ብረት አለ። ንቄው አለፍኩ።

ስሙ ፔፔኤስ ነው፤ ንድፍ አውጪው አሌክሲ ሱዳዬቭ። መሣሪያው በተከበበችው ሌኒንግራድ እንደ ተፀነሰ ብዙ ሰው ያወራል። እውነቱ ግን ንድፉ እ.ኤ.አ. በ1942 ከከበባው ውጭ ተፈትኖ፣ ሱዳዬቭ ምርቱን ለማደራጀት ወደ ከተማዋ መግባቱ ነው። ዝናው ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

ከእርሱ በፊት የነበረው ፔፔሻ ከ7 የማሽን ሰዓት በላይና ወደ 14 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ብረት ይፈጅ ነበር። ፔፔኤስ ከ3 ሰዓት ያነሰ ጊዜና 6 ኪሎ ግራም ያህል ብረት በቃው፤ አብዛኛው አካሉ ላሜራ በማሽን ተጨፍልቆ የሚበየድ ነውና የቶርኖ ሥራው ጥቂት ነው። ይህን የሠሩት ሴቶችና ለጋ ወጣቶች ጭምር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 መገባደጃ የወዛደር የቀን ዳቦ 250 ግራም፣ የሕፃናት 125 ግራም የነበረበትን ክረምት ያለፉ ሰዎች። እ.ኤ.አ. በ1943 ብቻ ከ46 ሺህ በላይ አመረቱ።

ታንከኞችና ቃኚዎች ወደዱት። አተኳኮሱ በደቂቃ 600 ጥይት ያህል፣ ከፔፔሻ የዘገየ በመሆኑ በእጅ ይገራል፤ 35 ጥይት የሚይዘው ካዝናም በቀላሉ ይሞላል። አንድ በአንድ መተኮስ አለመቻሉ ግን ጉድለቱ ነው። ከተማዋን በሰሜን በኩል ከዘጉት ወገን የነበረችው ፊንላንድ ሳትቀር ገልብጣ ሠራችው፤ ከጠላት የተገኘ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት አላውቅም።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ያልተሞረደውን ብየዳ ለረጅም ጊዜ ስመለከት ውብ ሆኖ ታየኝ፤ ወዲያውም ደነገጥኩ፤ በፊቴ ያለው የመግደያ መሣሪያ ነውና። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ልነድፈው ጀመርኩ። ሰደፉን ጨረስኩ፤ አፈሙዙ ላይ ስደርስ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ያ ንድፍ ዛሬም እንደዚያው ነው፤ አልጨረስኩትም፣ አልቀደድኩትምም።