ከሐሸንጌ እስከ አክሱም፦ አፈርን ያስታመሙ ሰዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወሎ በኩል ወደ ትግራይ የሚጓዝ መንገደኛ የአላማጣን ሜዳ ትቶ የግራካሱን ጠመዝማዛ ዳገት እንደ ጨረሰ ኮረም ከተማ ይደርሳል። ኮረም በተነሣች ቍጥር በ1977 ዓ.ም. በመጠለያዋ ዙሪያ የወደቀው ሕዝብ ትዝ የማይለው የዚያ ዘመን ሰው የለም። ከዚያ ጥቂት እልፍ ሲሉ በተራሮች መካከል የተኛው የሐሸንጌ ሐይቅ ይታያል፤ በአካባቢውም አቦ ሞሳ የምትባል የገበሬዎች መንደር አለች። አንባቢዎቻችንን ወደዚህ ስፍራ የምንመራቸው ስለ ሐይቁ ውበት ለማውራት ሳይሆን፥ ረኃብ ባለፈበት አገር አፈርን እንደ በሽተኛ ስላስታመሙ ሰዎች ለመናገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት የተባለ፥ ትርፍ የማይሻ የምርምርና የልማት ድርጅት በአገራችን ተቋቋመ። መሥራቾቹ ባልና ሚስት ነበሩ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በዓድዋ የተወለዱ የዕፅዋት ሊቅ ሲሆኑ፥ የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት፥ በኋላም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው አገልግለዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ ከእንግሊዝ አገር መጥተው ዕድሜአቸውን በኢትዮጵያ ያሳለፉ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበሩ፤ ድርጅቱንም በዲሬክተርነት የመሩት እርሳቸው ናቸው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝረውን ባለ ስምንት ቅጽ ታላቅ መጽሐፍ ካሰናዱት ሊቃውንት መካከል ሁለቱም ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ዕውቀት የነበራቸው ሰዎች በመጽሐፍ ቤት ተቀምጠው መኖር ሲችሉ፥ ወደ ገበሬው የፍግ ጕድጓድ መውረዳቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በዚያን ጊዜ ለገበሬው የሚሰጠው ምክር፥ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ይግዛ የሚል ነበር። ዝናብ በበጀ ዓመት ምክሩ ይጠቅማል፤ ዝናብ በቀረ ዓመት ግን ሰብሉ ይጠፋል፥ ዕዳው ይቀራል። በሌላ በኩል ማገዶ ስለ ጠፋ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ በምድጃ ይነዳል፤ ገለባውንም ከብት ይበላዋል። እንግዲህ በየዓመቱ የሚወሰድባት፥ ምንም የማይመለስላት መሬት ብትመክን በምን ይደንቃል?

ሥራው የተጀመረው በአራት መንደሮች ሲሆን፥ እነርሱም በደቡብ አቦ ሞሳ፥ በምሥራቅ ዘባን ሳስና ጉዕምሴ፥ በአክሱም አቅራቢያ ደግሞ አዲ ነፋስ ናቸው። የክልሉ የግብርና ቢሮና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችም ተባባሪዎች ነበሩ። ለገበሬው የቀረበለት ትምህርት በእጁ ባለው ነገር የሚፈጸም ነው። ክረምቱ ሲያልፍ፥ አረሙ ገና ርጥብ ሳለ፥ ከማሳው አጠገብ ጕድጓድ ይቈፈራል። ከታች ደረቅ ገለባና አገዳ፥ በላዩ ርጥብ አረምና ቅጠል፥ ከዚያም እበትና የበረት ጥራጊ፥ ጥቂት አመድና አፈር እየተነባበረ ውኃ ይርከፈከፍበታል። አየር እንዲገባው በመካከሉ ረጅም እንጨት ይተከላል፤ ላዩም በጭቃ ይመረጋል። እንጨቱ ተነቅሎ ሲዳሰስ ቢሞቅ ክምሩ በመብላላት ላይ ነው፤ ቢቀዘቅዝ ግን ውኃ ወይም ሌላ ነገር ጎድሎታል። ሦስት አራት ወር ሲቈይ ጥቁርና ፍርክስክስ ያለ፥ መልካም የአፈር ሽታ ያለው ኮምፖስት ይሆናል።

ነገር ግን መልካም አሳብ ሁሉ በሚዛን ካልተመዘነ ከወሬ አያልፍም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 ድረስ በገበሬዎች ማሳ ላይ የአንድ ሜትር ካሬ ቦታ እየተለካ፥ ምርቱ ታጭዶ፥ እህሉና ገለባው ለየብቻ ተመዘነ። ወይዘሮ ሱ፥ አቶ አረፋይኔ አስመላሽ፥ አቶ ኃይሉ አርአያና ዶክተር ተወልደ ብርሃን ውጤቱን በ2007 ለዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባቀረቡት ጽሑፍ ገለጹ። ኮምፖስት ያገኘው የገብስ፥ የስንዴና የጤፍ ማሳ ምንም ካላገኘው በአማካይ እጥፍ ያህል ሰጠ፤ የፋብሪካ ማዳበሪያ ከተደረገበትም በልጦ ተገኘ። ከዚህም በላይ የኮምፖስት ጉልበት በአንድ ዓመት ስለማያልቅ፥ ገበሬው በየዓመቱ በዚያው ማሳ ላይ መድገም ግድ አይሆንበትም።

ይህ ሁሉ ያለ ድካም አልመጣም። ጕድጓድ መቈፈር፥ ውኃ መቅዳት፥ ክምሩንም ወደ ማሳ ማጓጓዝ ከባድ ሥራ ነው፤ ረዳት ለሌላት እናት ደግሞ ይብሳል። ከብትም እንደ ልቡ በሚሰማራበት ስፍራ ለጕድጓዱ የሚሆን ሣር አይገኝም። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው መክረው ልቅ ግጦሽን የሚከለክል ሥርዐት አወጡ፤ ሣሩን እያጨዱ ለከብቶቻቸው ማቅረብ፥ ቦረቦሩንም በድንጋይ ማገድና ዛፍ መትከል ጀመሩ።

ዶክተር ተወልደ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ወይዘሮ ሱ በ2018፥ እርሳቸውም በመጋቢት 2023 ዐርፈዋል። በእነዚህ ሁለት ሞቶች መካከል፥ ከ2020 እስከ 2022፥ ጦርነት በዚያ አገር ላይ አለፈ፤ የገበሬው በሬ ታረደ፥ ማዳበሪያ የሚያመጣውም መንገድ ተዘጋ። መንገድ ሲዘጋ ከውጭ የሚጠበቀው ሁሉ ይቀራል፤ እጅ የለመደው ጥበብ ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። ያስተማሩት ሰዎች ትልቁ ውርስም ይህ ይመስለናል።

እኛም በየቤታችን የምንጥለውን የጎመን ግንድ፥ የድንች ልጣጭና የምድጃ አመድ በጓሯችን ጥግ ብንከምረው፥ ልጆቻችንም ከመሬት የተወሰደው ወደ መሬት ሊመለስ እንደሚገባው በዓይናቸው እያዩ ያድጋሉ።