ዝም ያለው ተማሪ

ለተማሪዎች ሽርሽር በድረ ገጽ የሚሞላ ቅጽ እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ብሆንም ራስመስ ሌርዶርፍ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ፒኤችፒን ጥቂት ተምሬ ነበርና። ሥራው ቀላል ይመስላል። በቅጹ ላይ እያንዳንዱ ሣጥን ስም አለው፤ በሰርቨሩ ያለው ፕሮግራምም የተላከውን መልስ በዚያው ስም እየጠራ ያነባል።

ነገር ግን፥ ባልንጀሮቼ ሆይ፥ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ባዶ የተተወ የጽሑፍ ሣጥን ባዶነቱን ይዞ ይደርሳል፤ «የጾም ምግብ እሻለሁ» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ካልተደረገ ግን የሣጥኑ ስም እንኳ አይላክም። እንግዲህ «አልሻም» ያለውና ጥያቄውን ሳያይ ያለፈው በምን ይለያሉ? ካልተጠነቀቁለት ፕሮግራሙ ሁለቱንም ከፍስክ በሊታዎች ይቆጥራቸዋል፤ ጾመኛውም በሽርሽሩ ቀን ጦሙን ይውላል።

ስለዚህ «እሻለሁ» እና «አልሻም» የሚሉ፥ አንዱን ብቻ የሚያስመርጡ ሁለት ክብ ምልክቶች አኖርሁ፤ አንዱንም አስቀድሜ አልመረጥሁም። ሁለቱም ካልተነኩ ፕሮግራሙ መልሶ ይጠይቃል።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሆኖም የሌላውን ዝምታ እንደ መልስ ቆጥሮ ስለ እርሱ መወሰን፥ በቅጽም ሆነ በስብሰባ፥ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም።